ከመልእክቱ ግርጌ ያለው ሰዓት

ውድ እህቴ፣

ከተቀበርሽ ዛሬ ሠላሳ ቀን ሞላ። በሕይወት ሳለሽ አንድም ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ስለ ነበር ያስፈለገኝን ሁሉ አንኳኩቼ እነግርሽ ነበር። አንድ ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ ደብቄሻለሁ። ታሪኩን ብታውቂውም ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ፤ አባባ «የተጣመመ ነገር የሚቃናው ከሥሩ ነው» ይለን አልነበር?

ባልሽ ከሞተ በኋላ ምሽቱ አልገፋ ብሎሽ ነበር። አንድ ቀን ስልክሽን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ መጣሽ።

«እትዬ፣ እስቲ ይሄን ሰውዬ ስሚልኝ።»

«ማን ነው?»

«የኦሪት መምህር ነው። ሩቅ አገር ነው ያለው። የማላውቃት ሴት ናት ወደ ስልክ ቡድኑ የጠራችኝ፤ የሳምንቱን ክፍል እያነበበ ያስተምራል።»

«ጢሙ በዝቷል።»

«ንባቡን አርሚ አልኩሽ እንጂ ጢሙን ከርክሚ አልኩሽ?»

ሠላሳ ስምንት ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንቺም «ቀይ እስክሪብቶ» ያልሽኝ ለዚሁ ነው። የአባባን የኦሪት መጽሐፍ አወጣሁ፣ መነጽሬን አደረግሁ፣ የሰውዬውን ድምፅ በእርሳስ እየተከተልኩ አራት ሳምንት አዳመጥኩ። አንዲት ፊደል አልሳተም። እንደዚያ ጥርት ያለ ንባብ ከአባባ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ግቢ» አልኩሽ። «ቀይ እስክሪብቶ ካሳለፈችው ማን ይይዘዋል» ብለሽ ሳቅሽ።

በሰንበት ስልክ አይነካምና ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልኮቻችንን አጥፍተን መሳቢያ ውስጥ እንከታቸው ነበር። ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ታይቶ ሰንበት ሲወጣ ስልክሽን ትከፍቺያለሽ፤ መልእክቱም እንደ በረዶ ይወርድብሻል። እንጀራሽ ያ ነበር ማለት ይቻላል፤ በጥድፊያ ታነቢልኝ ነበር። እኛ ዘንድ የደረሰው ያን ጊዜ ስለሆነ የተጻፈውም ያን ጊዜ መሰለን። ከእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ ሰዓቱ በትንንሽ ቁጥር ተጽፏል። አንዲት ነጥብ ጎደለች ብዬ ሙሉ ገጽ አስመልስ የነበርኩት ሴት ያቺን ቁጥር አላነበብኩም። ስልኩን የማያጠፋ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት ይነቃበት ነበር። ሰንበትን የሚሽረውን ሰው እኛ ሰንበትን ስላከበርን ሳናየው ቀረን።

የያዘሽም በሌላ አልነበረም፤ በምትወጅው ሥራሽ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት የምኩራባችንን ሴቶች አስከሬን ስታጥቢና ስትገንዢ ኖረሻል። «በድን የነካ በውሃ ይነጻ ዘንድ ታዟል፤ እናንተ ትታችሁታል» አለሽ። ይህ ከኦሪት ወጥቷል የሚል ማን አለ? ገንዳ ያለበት ቤት ነገረሽ፣ የሚወስዱሽ ሰዎች ላከልሽ፣ ሄድሽ። እኔ ፎጣ አውሼሻለሁ።

ቪዲዮውን ያሳየችኝ የምኩራቡ ዘበኛ ሚስት ናት። ራስሽ ከውሃው ሲወጣ፣ የማታውቂው ሰው እጅ ከላዩ ላይ ሆኖ፣ የኛ ያልሆነ ስም ሲጠራብሽ ይታያል። ከሥሩ «አንዲት የእስራኤል ልጅ እምነቷን ለውጣ ወደ እኛ መጣች» የሚል ተጽፎበታል። በእምነታቸው አልፈርድም። ስማቸውን ተናግረው በግልጽ ቢጠሩሽ ኖሮ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ የራሴ አለኝ» ብለሽ ሻይ አጠጥተሽ በሸኘሻቸው። እነሱ ግን የአባባን ልብስ ለብሰው መጡ።

«እትዬ፣ ለመንጻት ነው ያሉኝ» አልሽኝ። «ጆሮዬ ውሃ ገብቶበት ምን እንዳሉ አልሰማሁም። እኔ የአባባን ጸሎት ነበር የምለው።»

«አውርዱልኝ» ብለሽ ጻፍሽላቸው። ከቡድኑ አስወጡሽ።

አሁን ወደ ደበቅሁሽ ነገር ደረስኩ። በማግስቱ አንቺ ሻይ ልታፈይ ወደ ጓዳ ስትገቢ ስልክሽን አንሥቼ የድሮ መልእክቶቹን ወደ ኋላ ሄድኩባቸው። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት። ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል። ገና ከመጀመሪያው ሳምንት፣ እኔ እርሳሴን ይዤ ሳዳምጠው ከነበረው ጀምሮ። ስልኩን ወደ ቦታው መለስኩት። ሻዩን ይዘሽ ገባሽና «ምን አገኘሽ?» አልሽኝ። «ምንም» አልኩሽ።

በዚያው ሳምንት የገናዦቹ አለቃ፣ ጡረታ የወጣችው አዋላጅ፣ ቤትሽ መጣች። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እስቲ ትንሽ ዕረፊ» አለችሽ። «ነገሩ እስኪበርድ።»

«አልደከመኝም እኮ።»

«ሴቶቹ እያወሩ ነው፣ እህቴ። እኔ ምን ላድርግ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ አታውቂም ነበር?»

«እኔ ስልክ አልወድም» አልኳት።

ቃሉ እውነት ነው፤ ስልክ አልወድም። ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ የከፋው ግን ይኸው ነው። አየሽኝ። ከዚያም ለሁለታችንም ሻይ ቀዳሽልን።

ከዚያ በኋላ አንዲትም ሰንበት ከምኩራብ አልቀረሽም። ማንም አላባረረሽም፤ ከጎንሽ ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ይተርፍ ነበር። «እትዬ፣ ሰላም የማይለኝ የለም፤ ለሥራ የሚጠራኝ ነው የጠፋው» አልሽኝ አንድ ቀን። «ይረሱታል» አልኩሽ። «እነሱ እስኪረሱ እኔ ራሴ ሞቼ እታጠባለሁ» ብለሽ ሳቅሽ። በሦስተኛው ወር ልብሽ ቆመ።

ሲያጥቡሽ ዘመድ ስለማይገባ በሩ ላይ ቆምኩ። እንደ ደንቡ ሲጨርሱ እግርጌሽ ተሰልፈው «ስናጥብሽ ያጎደልነው፣ ክብርሽን የነካንበት ካለ ይቅር በይን» ማለት ጀመሩ። አዋላጇ «ክብርሽን» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ገባሁ።

«ቡድኑ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ» አልኩ። «ንባቡን አርሜ፣ ግቢ ያልኳት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይጽፍ እንደነበረም አይቼ ዝም ብያለሁ።»

አዋላጇ እጇን በጨርቅ አደረቀች።

«ስለ አንቺ ጠይቀናት ነበር እኮ» አለችኝ።

«ምን አለቻችሁ?»

«‹እህቴ ከልክላኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ› አለችን።»

አባባ በፊደል ስሕተት መዳፍሽን መትቶሽ ያውቃል፤ በውሸት ግን አንድም ቀን መትቶሽ አያውቅም፣ ዋሽተሽ ስለማታውቂ። በሕይወትሽ የዋሸሽው አንድ ውሸት ለእኔ ሆነ።

ባለፈው ሰንበት ከሴቶቹ መካከል ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። አንዷ «አሁን ምን ይረባታል?» አለች። እውነቷን ነው። ያ ቪዲዮ ዛሬም እዚያው አለ፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍም እንዳለ ነው። እሱን ማረም አልቻልኩም።

ከትናንት በስቲያ አንዲት ሴት ሞተችና አዋላጇ «እጅ ጎድሎናል» ብላ ላከችብኝ። ሥራውን ስለማላውቅ ውሃ ከማቀበል በቀር ለሌላ አልሆንኩም። «ይቅር በይኝ» ብዬ አልጨርስልሽም፤ መልስ መስጠት የማትችልን ሰው ጠይቄ፣ ይቅር አለችኝ ብዬ መተኛት ስርቆት ነው። በጠሩኝ ቁጥር ግን እሄዳለሁ። አዲስ የመጣች ሴት «በማን ቦታ ነው የገቡት?» ያለችኝ እንደሆነም፣ ያንቺን ስም ከነአባታችን ስም ጮክ ብዬ እነግራታለሁ።

ዕረፍትሽ የሰላም ይሁን።

ታላቅ እህትሽ