ልጃችን ያረዳችኝ መርዶ

ታዴ ሆዴ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። ትናንት ያየሁትን ከአንተ ሌላ ለማን እንደምነግር ጠፍቶኛል።

ከእንጦጦ ስትወርድ መኪናህ ፍሬን የበጠሰ ዕለት ለእኔ ማንም ምንም አልነገረኝም፤ እንደ ወጉ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነው ያረዱኝ። ብሌንን እህትህ እታለም ያኑ ዕለት ማታ አያት ሰፈር ወዳለው ቤቷ ወስዳ አቆየቻት። ልቅሶው አልፎ ስትመለስ ጥቁር ልብሴን አውልቄ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ «አባዬ ለሥራ ውጭ አገር ሄዷል» አልኳት። የሰባት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች ብዬ። ብልጥ መሆኔ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልጅህ ዝም አለች። የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት ስንወጣ የመኪና ታርጋ ጮክ ብላ እያነበበች የምታደክምህ ልጅ «እሺ» እና «አይ» ብቻ ቀሯት። አስተማሪዋ፣ ልጆችን በሥዕልና በጭቃ ሥራ ወደምታክም ባለሙያ፣ ወደ ሰላም ላከችን። ሥዕል ደግሞ ምን ሊፈይድ ነው ብዬ አጉረመረምኩ። ሰላም አታጣድፋትም፤ ቀለሙን አቅርባ አብራት ትቀመጣለች። ሁለት ወር እንዲሁ ሄደ።

ትናንት ብሌን ፈቅዳ ሥዕሏን አሳዩኝ። ድንኳን፣ የሚያለቅሱ ሰዎች፣ መሀል ላይ ሳጥን። ጥግ ላይ ደግሞ ሰሃን የምታጥብ ሴት፤ ሁለቱም ጆሮዎቿ በጥጥ ተደፍነዋል። ሰላም ይህቺ ማን ናት ስትላት፣ «እማዬ ናት። እሷ አልሰማችም» አለች።

ወዲያው ለእታለም ደውዬ ጠየቅኋት። ለካ ያን ዕለት እኔ ጓዳ ሰሃን ሳጥብ እታለም ደጅ ስልክ ይዛ ስትጮህ፣ ልጅቷ ከእኔ ቀድማ ሰምታ ኖሯል። እታለምም መርዶው እስኪነገረኝ ብላ «ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለቻት፤ በኋላ «አሁን ንገሪ» ያላት ግን የለም። እኔም ውጭ አገር ነው ስላት፣ እስካሁን ያልሰማሁ መሰላት። አፏን ከከፈተች የሚያመልጣት መስሏት ስምንት ወር ሙሉ ዝም አለችልኝ፣ ታዴ። ሆድ ይፍጀው ማለት አዋቂውን እንኳ ያቅተዋል፤ ልጅህ ቻለችው።

ቤት ገብተን ንገሪኝ አልኳት። መጀመሪያ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በልቻለሁ አልኳት። እጄን ይዛ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ አድርጋ አረዳችኝ። ገና እንደሰማ ሰው አለቀስኩልህ፤ ከዚያ እሷም አለቀሰች።

ስለ አንተ እያወራች እንቅልፍ ወሰዳት። እሑድ መቃብርህ ዘንድ አብረን እንመጣለን። አንረሳህም፤ ከእንግዲህም አንዳችን ከሌላችን ተደብቀን አናለቅስልህም።