የዘጠኝ ሰዓት እንግዳ

ኮትካ፣ ጁን 18 ቀን 2012

ለእህቴ ለሲርካ፣ ስቶክሆልም

በሰላም ቤትሽ መግባትሽን ታይሚ ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከአምናው አልባሰም። የምጽፍልሽ በኛ ቋንቋ ነው። ወደ ስዊድንኛ የምትመልስልሽ ይችው ጎረቤቴ ታይሚ ናት። አይተሻታል፤ አንድ ቃል ሲሰጧት ሦስት አድርጋ ነው የምታስረክበው። ታይሚ፣ ይህንንም እንዳለ ተርጉሚው። ከራስሽ አትጨምሪበት።

በዚህ ወደብ አርባ ዓመት ሳንቃ ጭኛለሁ። መርከብ ለኔ የሚሞላ ሆድ እንጂ የሚደነቅ ነገር ሆኖ አያውቅም። የሽርሽር መርከቦቹ መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ አንዱንም ወርጄ አላየሁም። እኔ ላቤን ያፈሰስኩበት ቦታ ቆመው ፎቶ ሲነሱ ማየት ደስ አይለኝም። አንቺ በመጣሽበት ቀን ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሬ ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር። ከደሴቶቹ ጀርባ ብቅ ሲል መርከብ ነው ብዬ አላመንኩም። ከጥድ ዛፎቹ አናት በላይ አንድ ነጭ ግድግዳ ያለ ድምፅ፣ በዝግታ ይሄዳል። አሥራ አንድ ፎቅ ቆጠርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ከሥሩ የወፍ ጎጆ መሰለ። እዚያ ግድግዳ ውስጥ አንድ ቦታ አንቺ አለሽ ብዬ ሳስብ እጄ ኮፍያዬን አወለቀ።

“ምነው አውሊስ፣ ቀብር ነው እንዴ?” አለችኝ ታይሚ።

“ነፋሱ ነው።”

“የቱ ነፋስ? ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም እኮ፣ አንተ ሽማግሌ።”

ከዚያ ሰው መውረድ ጀመረ፤ ወንዙ ላይ የታገደ የእንጨት ግንድ በሩ ሲከፈትለት እንደሚፈስ። ሁሉም ደረቱ ላይ ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በየአውቶቡሱ እንዳይጠፉ ነው አሉ። አንቺም ለጥፈሻል። አሥራ አራት ይላል።

በ1944 ክረምት፣ ከቦምቡ እንድትተርፊ ወደ ስዊድን ስትላኪ፣ እናታችን አንገትሽ ላይ ካርቶን በክር አሥራልሽ ነበር። ስምሽና ቁጥርሽ ተጽፎበታል። ስድስት ዓመትሽ ነበር። ከስልሳ ስምንት ዓመት በኋላ ስትመለሺም ቁጥር ለጥፈው ላኩሽ።

“ያንን ወረቀት አንሺው” አልኩ። ታይሚ ለመተርጎም አፏን ሳትከፍት አንስተሽው ነበር።

ደብዳቤ መላክ ከጀመርሽ ሠላሳ ዓመት ሆነሽ። አንዱንም፣ በዚህ መርከብ እንደምትመጪ የሚናገረውን እንኳ፣ አልመለስኩም። ለታይሚ “እህቴ የኛን ቋንቋ ነበር የምትናገረው፤ ይቺ ሌላ ሴትዮ ናት” እላት ነበር። ያን ቀንም ግቢዬ እስክንደርስ ድረስ ከልቤ ግማሹ ይህንኑ ይል ነበር።

ሳውናው እየጋለ ነበር። በእንፋሎቱ ውስጥ ሰውነታችንን የምንመታበትን የበርች ዛፍ ቅጠል ላሥር ቅርንጫፎቹን አግዳሚው ላይ ከምሬያለሁ። ታይሚ ስለ ልጆችሽ ትጠይቅሻለች። አንቺ ማንም ሳይጋብዝሽ ቁጭ ብለሽ ቅርንጫፎቹን አነሳሽ። ዓይንሽ ታይሚ ላይ ነው፤ እጆችሽን አላየሻቸውም። እኔ አየኋቸው። ቀጭኗን ቅርንጫፍ ጫፏን በጥርስሽ ይዘሽ እስክትለሰልስ ጠመዘዝሻት፤ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ጠመጠምሽና መጨረሻዋን በዘንጎቹ መሃል አሳለፍሽ። በዚህ ከተማ የሚያሥር ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚጠመጥመው። ወደ ግራ የምትጠመጥመው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ግራኝ ስለነበረች። እናታችን።

“ማን አስተማረሽ?” አልኩ።

“ምኑን? ትላለች” አለች ታይሚ።

ያኔ እጆችሽን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየሻቸው። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ያነበብኩትን ያነበብኩት ብቻዬን ነው። ከዋክብት ምን ያህል እንደሚርቁ አንብቤያለሁ፤ ዓሣ ከውቅያኖስ ወደ ተወለደበት ወንዝ እንደሚመለስም አንብቤያለሁ። ያን ቀን እንደ ደነቀኝ ግን የደነቀኝ ነገር የለም። ቋንቋው ሁሉ ከአፍሽ ሲጠፋ፣ ይህ እጅሽ ውስጥ ተቀምጦ ኖረ።

ከሳውናው ወጥታችሁ የሳልሞን ሾርባውን ስንበላ ነው የጠየቅሽኝ። ታይሚ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትጨምር ነገረችኝ። “ከዚህ አገር የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባቡር። አንድ እጅ እጄን ይዞ ነበር፤ ከዚያ ለቀቀኝ። የማን እጅ ነበር? ትላለች።”

ምላሴን ይቁረጠውና “የእናታችን” አልኩ።

ራስሽን ነቀነቅሽ። ወደ ወደቡ ስንመለስ ታይሚ የእናታችን መቃብር በመንገዳችን ላይ እንደሆነ ስትነግርሽ “ሌላ ጊዜ” አልሽ። በኛ ዕድሜ “ሌላ ጊዜ” ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት ቆይታ በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያ ነጭ ግድግዳ አንቺን ይዞ ከደሴቶቹ ጀርባ ገባ።

አሁን ታይሚ፣ ቀስ ብለሽ ተርጉሚ።

ሲርካ፣ እጁ የእኔ ነበር። ካርቶን የታሠረው ለሁለታችንም ነው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናታችን እዚሁ ኮትካ ጣቢያ እጅሽን እጄ ውስጥ አስገብታ “እስክትደርሱ እንዳትለቃት” አለችኝ። እሷ እጅሽን አልያዘችም፤ ከያዘችው እንደማትለቅሽ ታውቅ ነበር። ኮውቮላ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ሲቆም ውሃ ላመጣልሽ ነው ብዬሽ ወረድኩ። ካርቶኔን በጥሼ በረዶ ውስጥ ቀበርኩና ከማገዶ ክምር ጀርባ ተደበቅኩ። መስኮቱ ላይ ቆመሽ ነበር። አላለቀስሽም። እጅሽ የእኔ እጅ ያለበት ይመስል ግማሽ ተዘርግቶ ነበር። ባቡሩ ሄደ። ለእናታችን ሐኪም መለሰኝ አልኳት፤ ይህንኑ እንዳመነች ሞተች። ደብዳቤዎችሽን ያልመለስኩት ቋንቋው ስላልገባኝ አይደለም።

ያሠርሽውን ቅጠል አልተጠቀምኩበትም። ትናንት ወስጄ እናታችን መቃብር ላይ አኖርኩት። ማን እንዳሠረው ነገርኳት፤ የቀረውንም ነገርኳት። ዝናብ መጣ፤ እኔም ቆየሁ።

ያ መርከብ ኦገስት 20 ቀን ተመልሶ ይመጣል፤ ወደቡ ወርጄ ጠይቄያለሁ። እዚያው ቦታዬ ላይ እቆማለሁ። ባትመጪ አልቀየምም። ከመጣሽ ግን ያንን ወረቀት ገና ከመርከቡ ሳትወርጂ አንሺው፤ የምፈልግሽ በቁጥር አይደለም። እጄን እዘረጋለሁ። መያዙም አለመያዙም የአንቺ ፈንታ ነው።

በሁለቱም ጊዜ በመንገድሽ ላይ የጠበቀሽ አምላክ አሁንም ይጠብቅሽ።

ወንድምሽ
አውሊስ

አንድም ቃል አልጨመርኩም። ሲሰጠኝ ግን ኮፍያውን አውልቆ ነበር፤ ነፋስም አልነበረም። ታይሚ።