እሜቴ ምግብ እምቢ ያለች ሰሞን

ተክልዬ፣ እንደምን ሰነበትክ ልልህ ብዕር አነሳሁና እጄ ቆመ። ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሞላን።

የቤቱን ልንገርህ። ትልቋ ልጃችን ቴፒ ካምፓስ ደርሷት ሄዳለች። የጓሮው ቡና ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ የቆርቆሮው ቀዳዳ ግን አንተ እንደተውከው ነው፣ ሲዘንብ ባልዲ አስቀምጥበታለሁ።

ድመትህም አለች። እኔን ሃያ ዓመት ሙሉ «አንቺ» እያልክ እሷን «እሜቴ» ስትላት እንዴት እበሽቅ እንደነበር ታውቃለህ። ከጉርሻህ ሥጋውን መርጠህ ለእሷ! አሁንም ከሥራ በምትመለስበት ሰዓት በር ላይ ትቀመጣለች።

ባለፈው ወር ምግብ እምቢ አለች። ታስመልሳለች፤ ጀርባዋን አጉብጣ ጥግ ትይዛለች። ጎረቤቱ ሁሉ ጌታዋ ናፍቋት ነው አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሐዘኔን የሚጋራኝ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ቀን ዝም አልኳት። በሦስተኛው፣ ለደከመ ሰው እንደምናደርገው፣ ቅቤ አቅልጬ ጋትኳት። ባሰባት።

በዘንቢል አድርጌ አማን ከተማ፣ እንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። ጥጃና በግ ይዘው የተሰለፉት ሳቁብኝ። ሐኪሙ ግን ሆዷን ዳስሶ ቆሽቷን ሳያማት አይቀርም አለኝ፤ የቅቤውን ነገር ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ድመት ቀናት ሙሉ ሳትበላ ከቆየች ጉበቷም እንደሚጎዳ ነገረኝ። ማስመለሱን የሚያቆም፣ ሕመሙን የሚያስታግስ መርፌ ወጋት፤ ከቆዳዋ ሥርም ፈሳሽ ሰጣት። ቅባት የሌለው የዶሮ ሥጋ ቀቅዬ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ እንዳበላት አዘዘኝ።

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ለእሷ አልነበረም። አንተም ሳህኑን ስትገፋ ድካም ነው ብለኸኝ አመንኩህ። ላንተም ቅቤ ነበር ያቀለጥኩልህ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ይቅር በለኝ፣ ተክልዬ።

በአምስተኛው ቀን የዶሮ ሥጋውን ከጣቴ ላይ ላሰች። ካንተ ሞት ወዲህ የዚያን ቀን ያህል የተደሰትኩበት ቀን የለም። ሕመሙ ሊመለስ ስለሚችል የምግብ ሰዓቷን አላዛንፍም፤ አንተ ብታየኝ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ሳቅህ እንዴት እንደናፈቀኝ!

ሰው ሁሉ እኔን እንዳያስለቅስ ስምህን እየዘለለ ያወራል። እሷ ግን ተክሌ ስል ስትሰማ ጆሮዋን ታቆማለች። ስለዚህ ሳህኗን ባቀረብኩ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ። እሷ ባትኖርም እጠራዋለሁ፣ ጆሮ የሚያቆምልኝ ባይኖርም።

አስቴር