ጎማዎቹ አልጋ ሥር ስለሚያድሩለት መኪና

ለተከበሩ የሕንፃችን የመኪና ማደሪያ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለወገብዎና ባትሪ ሲሸከሙ ለተጨፈለቀው አውራ ጣትዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ አራተኛ ፎቅ የምኖረው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ይህን ደብዳቤ ጎረቤት ሁሉ እንዲያነበው ደረጃው ሥር የለጠፍኩት በድፍረት ሳይሆን በቅናት መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። የቀናሁትም በመኪናዎ ነው።

፩. ብስክሌቴ ማደሪያው ውስጥ ትደር ብዬ ሳመለክት፣ ኮሚቴዎ ሁለት ጎማ ያለው ነገር ተሽከርካሪ አይባልም ብሎ ስላስተማረኝ አመሰግናለሁ። ሆኖም ሌባ እንዳይፈታቸው ብለው የመኪናዎን ጎማዎች በሙሉ ፈትተው አልጋዎ ሥር ካስተኟቸው ወዲህ መኪናው ድንጋይ ላይ ቆሞ ስለሚውል፣ ጭራሽ ጎማ የሌለው ነገር ምን እንደሚባል ልጅ ነኝና አልገባኝም።

፪. ጎማ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ባትሪው ቁም ሳጥን፣ ቴፑ ኩሽና፣ ስፖኪዮዎቹ መሳቢያ ገብተዋል፤ የኋላ ወንበሩም ሳሎን ገብቶ ሶፋ ሆኗል። አቤቱታዬን ይዤ የመጣሁ ዕለት እዚያው ላይ አስቀምጠው ስለ ዘመኑ ሌቦች ቆራጥነት የመከሩኝ ምክር ከልቤ አይጠፋም። እናቴ ግን የሠፈሩ ሌባ ሁሉ ተሰብስቦ ዓመት ቢለፋ እንደ ጋሼ አድርጎ አይገፈውም ትላለች፤ ይህን የምጽፈው እሷን ለማሳጣት ሳይሆን ሙያዎን ለማድነቅ ነው።

፫. ያ አጽም ጣሪያ አለው፣ መብራት አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሶ ያድራል። ሰንሰለቷን ዘይት እየቀባሁ የማቆላምጣት፣ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ የእኔዋ ግን ደጅ ምሰሶ ላይ ታስራ ዝናብ ይወርድባታል። በቀደም ሌባ የፊት ጎማዋን ይዞባት ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባል ይሆናል፣ እርስዎ በማግስቱ መጥተው አስቀድመሽ ፈትተሽ ብታስገቢው ኖሮ ብለው አጽናኑኝ። አጎቴ ሌላ እንደማይገዛልኝ ምሎ ነው ብስክሌቷን የሰጠኝ፤ የቀረችውም ከሄደች እኔ በእግሬ ቀረሁ ማለት ነው። የሞተው ሞቆት ሲተኛ በሕይወት ያለችው ስትንቀጠቀጥ እያዩ አለመቅናት ለመላእክት እንጂ ለእኔ ቢጤ አልተሰጠም።

ስለዚህ ከመኪናዎ ጎን የአንድ ክንድ ስፋት ይፈቀድልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ለሰብሳቢነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሶፋዎ ምቾት እየተመኘሁ፣ ከደጅ እስከ ደጅ ሰባት ጊዜ እጅ የምነሳ

ታዛዥዎ፣ የአራተኛ ፎቋ ቀናተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎን መጠበቅ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ብርድ ልብሳቸው ለመኪና ከተሰጠባቸው ወዲህ እትዬ ባለቤትዎ ከእኔ ብሰው ቀንተው ኖሮ ትናንት የመኪናዎን ቁልፍ በገዛ እጃቸው ሰጡኝ። ብስክሌቴ አሁን መኪናዎ ሆድ ውስጥ፣ የኋላ ወንበሩ በነበረበት ቦታ ልክ ገብታ ቆማለች፤ ብርድ ልብሱን እትዬ ገፈው ወስደውታል። ብቻ አደራዎን አውጫት እንዳይሉኝ፤ መኪናዎ የቀረው ጎማ የእሷ ብቻ ነው።