ሦስተኛው ስም

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሐውልት ሠሪው ትናንትም ደወለልኝ። «እትዬ፣ ድንጋዩ ተወልውሎ ተቀምጧል እኮ፤ የአባት ስም ማን ብዬ ልቅረጽ?» አለኝ። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት። ነገ ስለው ስንተኛዬ እንደሆነ እኔም እንጃ። አንተ ሰውዬ ሞተህም ሰው ታስጠብቃለህ።

ልጅህ ነገሩ ቀላል ነው ይላል። መታወቂያህ ላይ ያለው የአጎታችን ስም ይጻፍና ይለቅ ባይ ነው። «አባቴ ራሱ መርጦ የያዘው ስም ነው፤ አክስቴ፣ በሞቴ አትነካኪው» ብሎኛል። አልፈርድበትም። በሃያ ዓመትህ ፍርድ ቤት ቆመህ አባዬን ከስምህ ላይ እንዳስፋቅህ፣ በቦታውም አጎታችንን እንደተካህ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና አንተ የአንድ እናት ልጆች ሆነን በአባት ስም ተለያየን። ከሁሉ የከፋኝ ግን ሆስፒታል ሳስተኛህ ነው። ነርሷ የሁለታችንን መታወቂያ አይታ «ምንህ ናት?» ስትልህ፣ «እህቴ» አልካት። እሷም መታወቂያዎቹን ደግማ አየቻቸው።

እኔ ግን ጉንዳን ነኝ። ይህን ቅጽል ያወጣህልኝም አንተ ነህ፤ አንዴ ከነከሰች አትለቅም ብለህ። ስለዚህ ድንጋዩ ላይ አንድ ነገር ከመቅረጹ በፊት አባዬን ፍለጋ ወጣሁ።

ቦይለሩ የፈነዳ ዕለት ትዝ ይልሃል? እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አንተ ደግሞ አሥራ ሁለት። የመስኮቱ መስታወት ሲንቀጠቀጥ እማዬ የእጇን ሳሙና እንኳ ሳትለቃለቅ ወደ ፋብሪካው ሮጠች። በሩ ላይ የሟቹ ስም ተለጥፏል፤ የአባዬ ስም ነው፣ ከነአባቱ። እዚያው ተዘረረች። ከዚያ ከቢሮ አንድ ሰው ወጣና አነሳት። «አይዞሽ፣ ያንቺ አይደለም። ሁለት ሞክሼ ሠራተኞች ነበሩን። የሞተው ሌላኛው ነው፤ ያንቺው ትናንት ሥራ ለቅቆ ወጥቷል» አላት።

እማዬ እየሳቀችም እያለቀሰችም ቤት ገባች። ሁለታችንን በአንድ ክንድ አቅፋ «አልሞተም! አልሞተም!» እያለች ቤቱን ዞረችው። ሥራ መልቀቁን ስለደበቃት እንኳ አልተቆጣችም። ማታ ሲመጣ አሳየዋለሁ አለች፣ እየሳቀች። የሞክሼው ሣጥን በማግስቱ እንደተዘጋ ተቀበረ፤ የሚታይ ነገር የለውም ብለው ማንንም አላስጠጉም።

አባዬ ማታም አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣም። እማዬ ተሳስተው ይሆናል ብላ ሁለት ጊዜ ቢሮ ተመላልሳለች። «ሴትዮ፣ ባልሽ ጥሎሽ ከሄደ እኛ ምን እናድርግሽ?» አሏት። ጎረቤት ይህን ሰማ። ከዚያ በኋላ እማዬ በዋናው መንገድ መሄድ ትታ በጓሮ በኩል መውጣት ጀመረች። በዚያ ዕለት መደሰቷ ከሁሉ በላይ ያሳፍራት ነበር። የሰው ባል ሞቶ እኔ ስቄ፣ ለዚህ ነው የተቀጣሁት፣ ትል ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖም እኔም አንተም ተስፋ አልቆረጥንም ነበር፤ አንተ ያንን የጋብቻ ማስረጃ ይዘህ እስክትመጣ ድረስ። ሌላ ከተማ፣ ከፍንዳታው ከሁለት ዓመት በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ፤ የአባዬ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የፋብሪካ ሠራተኛ። አድራሻውን ይዘህ ሄድክ። አጥሩ ሥር ቆመህ ግቢው ውስጥ ሁለት ሕፃናት ሲጫወቱ አየህና ሳታንኳኳ ተመለስክ። እኔም በልቤ ጀግና አልኩህ። አሁን ግን ምን ነበረበት ያንን በር ቢያንኳኳው እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። የሚከፍተው ሰውዬ እኮ አባዬ አልነበረም።

አዎ፣ ወንድም ጋሼ። አባዬ አልነበረም።

መዝገብ ቤት ያገኘሁት ሠራተኛ ጉንፋን የያዘው፣ በሻርፕ የተጀቦነ ሰው ነው። ያንተን ማስረጃ አገላብጦ አየና «ይቺ አጭሯ ናት፤ ለችኩል ሰው የምንሰጣት። ዋናው መዝገብ እኮ ስም እስከ አያት ነው የሚይዘው» አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ላንተ ነው ብዬ በሆዴ ተሳደብኩ። ስድቤን ሳልጨርስ መዝገቡን አዙሮ ሦስተኛውን ስም አነበበልኝ።

ሦስተኛው ስም የእኛ አይደለም።

ክው አልኩ። አባዬ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ «ማን ነሽ? ማን ነህ?» ሲለን ትዝ ይልሃል? እስከ ቅድመ አያታችን ድረስ ካልዘለቅን እጁ ላይ ያለው ከረሜላ አይገኝም። አንተ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው ነበር፤ እኔ አያታችን ጋ ስደርስ እየተንተባተብኩ አለቅስ ነበር፣ አባዬም ለማልቀሴ ከረሜላ ይሰጠኛል። የቅድመ አያታችንን ስም ከኔ ይልቅ የምታውቀው አንተ ነበርክ። ዋናውን መዝገብ ብታየው ኖሮ ስሙ የእኛ አለመሆኑን ገና ከሩቁ ትለየው ነበር።

ሙሽራው የቀድሞ ሥራው ተብሎ የተጻፈለት የእኛው ፋብሪካ ነው። እንግዲህ ሥራ ለቅቆ የሄደው ሌላኛው ሞክሼ ነው። ቢሮው ሁለቱን አቀያይሮ ሞቱን ለነሱ ቤት፣ ክህደቱን ለእኛ ቤት ላከ። አባዬ ማታ ያልመጣው ጠዋት ሞቶ ስለነበረ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለእማዬና ላንተ ግን ሳይነጋ መሸ። መዝገብ ቤቱ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሰው ሳላፍር አለቀስኩ። ጉንፋናሙ ሰውዬ ውኃ አምጥቶልኝ አጠገቤ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሞክሼው ተብሎ የተቀበረበትን የአባዬን መቃብር ፈልጌ አገኘሁት። ሣር ወርሶት፣ ድንጋዩ ተሰነጣጥቆ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር፤ የታጠበ ነው። ዙሪያው ተኮትኩቷል። አንዲት ከእኔ ጥቂት የምታንስ ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ አበቦቹን ውኃ ታጠጣለች።

«የማን ዘመድ ነዎት?» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«አባቴ ነው። እናቴ ሆድ ውስጥ እያለሁ ነው የሞተው፤ መልኩን አላውቀውም» አለች፣ ድንጋዩን በመዳፏ እየጠረገች። «እናቴም ይህቺን ቦታ ሳትጠብቅ ያሳለፈችው ሳምንት የለም። አሁን ተራው የኔ ነው።»

ማስረጃው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ላሳያት እጄን ሰድጃለሁ፤ አልዋሽህም። አርባ ዓመት የተሸከምነውን ውርደት ከትከሻዬ አውርጄ እሷ ላይ ልጭነው፣ አባቴን ልቀበላት። መብቴ ነው። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝ። «ያውቁት ነበር እንዴ?»

ሆድ ይፍጀው አልኩ። «አባቴ ከሱ ጋር ይሠራ ነበር» አልኳት።

«በሞቴ! ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ምን ልበላት? የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ያፏጭ ነበር» አልኳት። «ከሥራ ሲመለስ ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ፉጨቱ ይሰማል። ልጆች ይወድ ነበር። ከረሜላ ኪሱ ውስጥ ረስቶ ልብሱን በአይጥ ያስበላ ነበር።»

አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ዕንባዋ ግን ወረደ። «የኔ ትንሹ ልጅ እኮ ሲያፏጭ ነው የሚውለው! ከማን እንደወረሰው ጠፍቶን ነበር፤ ለካ ከአያቱ ነው!»

አዎን፣ ከአያቱ ነው አልኳት። አባዬን በገዛ አፌ ሰጠኋት፣ ወንድም ጋሼ። ድንጋዩ ላይ ያለው ሁለት ስም ብቻ ነው፤ ለእሷም ልክ ነው፣ ለእኔም ልክ ነው። አርባ ዓመት ያጠበው እጅ የእሷ እንጂ የእኛ አይደለም።

ልጅህን ግን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። «አባቴ ይህን ቢያውቅ ምን ይል ነበር?» አለኝ። መጀመሪያ ይሰድበኝ ነበር፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ያለቅስ ነበር አልኩት። ተሳስቻለሁ?

ዛሬ ጠዋት ሐውልት ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። ያንተን ስም ነገርኩት፤ ከዚያ የአባዬን፣ ከዚያ የአያታችንን፣ ከዚያ የአባዬን ሦስተኛ ስም፣ አንተ በአንድ ትንፋሽ የምትለውን የቅድመ አያታችንን። ሳልንተባተብ ጨረስኩት። እሱ ግን እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ድንጋዩን በስንዝር ለካ።

«እትዬ፣ ለአንድ ሰው አራት ስም አይበዛም?»

«የሁለት ሰው ነው» አልኩት።

ከረሜላዋን ያላካፈለችህ እህትህ፣
ጉንዳን