አላይም ያለችው መኪና

ጥር 6
ዛሬ ስድስት አውሮፕላን። ስድስቱም ጋ ደረጃዬን በአንድ ሙከራ በሩ ሥር ልክ አስጠጋሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ተሳፋሪ የሚወርድባትን የደረጃ መኪና ስነዳ አንድ አውሮፕላን ላይ ጭረት አላሳረፍኩም። የግራ ዓይኔ ግን... አሁንም ጭጋግ። ድሮ ሰው ሲጠራጠረኝ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብዬ እምል ነበር። ትቼዋለሁ።

ጥር 9
አዲሷ መኪና መጣች። ካሜራና ርቀት የምትለካበት ጨረር አላት። አሠልጣኙ በቀስታ ነዳጅ ስጪ፣ ሌላውን ለእሷ ተይላት አለኝ። ነዳጅ ሰጠሁ፤ ልቤ ግን ፍሬኑ ላይ ነበር። እሷ ራሷ ፍጥነት ቀነሰች፣ መሪዋን አቀናች፣ አውሮፕላኑን ለመንካት ስንዝር ሲቀራት ቆመች። እኔ እንዲህ በልስላሴ ለመቆም ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ቀናሁ? ትንሽ። ከቅናቱ መደነቁ በለጠ። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

ጥር 15
ሳምንት ሙሉ በእሷ ሠራሁ። የዓይኔን ነገር ከእንግዲህ ማንም አያውቅም ማለት ነው? ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ደግሞ አስፈራኝ።

ጥር 21
ዝናብ። ሦስት ሜትር ሲቀረኝ መኪናዋ ቀጥ አለች። ስክሪኑ ላይ፦ «ካሜራው ተሸፍኗል። ማየት አልችልም። አሽከርካሪ ይረከብ።»
ተረከብኩ። በግራ በኩል ነጭ ነገር ብቻ። ቅርብ ነው ሩቅ? ነዳጅ ልሰጥ ስል ከታች ቆሞ በእጁ የሚመራኝ ምልክት ሰጪዬ ክንዶቹን አጣምሮ አስቆመኝ። «ቀስ... ቀስ...» ከአፉ ስለማይጠፋ ጋሽ ቀስታ እንለዋለን። ካሜራውን በእጅጌው ጠረገና ሳያየኝ ተናገረ።
«ደንቡ በግራሽ ቁም ይለኛል። በቀኝሽ የምቆመው ፀሐይ ሸሽቼ ይመስልሻል? እንዲህ ከቆምኩ ስድስት ወር ሆነኝ።»
ለአለቃ ትነግርብኛለህ ወይ አልኩት።
«እኔ ምን ቤት ነኝ? ይቺ ብረት እንኳ አላይም ስትል አላፈረችም።»
ይህን ብሎ ተመልሶ በቀኜ ቆመ።

ጥር 22
ለአለቃ ነገርኩ። ቁልፉን አስረከብኩ። ሰው እያወረድሽ እንዴት ትደብቂያለሽ ብሎ ጮኸብኝ። ልክ ነው። ጮኾ ሲያበቃ ራሱ ለሐኪም ደወለልኝ።

የካቲት 27
የዓይን ሞራ ነበር፣ ተነሣልኝ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ግን መሪ አልይዝም፤ ከጋሽ ቀስታ ጋር ቆሜ ምልክት እሰጣለሁ። ዛሬ መኪናዬን ሌላ ሾፌር ሲያስጠጋት ከውጭ አየኋት። እንዴት ታምራለች! ስንዝር ሲቀራት ትንፋሿን የያዘች መሰለኝ። ትመለስልኝ ይሆን? አለቃ ቃል አልሰጠኝም።
በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጡት አንዲት አሮጊት ናቸው። የሹራባቸው ቁልፍ ከታች ሆኜ ታየኝ... አራት ነው፣ አንዱ ክሩ ረግቧል። እኚህን የመሰሉ ሰዎችን ነው ስድስት ወር በጭፍን ሳወርድ የከረምኩት። ወጥቼ እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው። አመሰገኑኝ። ለቀጣዩ ሰው ተመልሼ ደረጃውን ወጣሁ።