አጥር ላይ ስለተሰለፉት ዳቦዎች

ጁባ፣ አትላባራ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር ሠርፀ፣ የኮሌጁ ዲን
ባሉበት፣ ከኤርኮንዲሽነሩ ሥር

እጅግ የተከበሩ ዶክተር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የቢሮዎ ቅዝቃዜ፣ የመኪናዎ መስታወት፣ የግቢዎ አጥር ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከኮሌጅዎ የኋላ በር ፊት ለፊት ፍሪጅና ጄኔሬተር የምጠግነው ጎረቤትዎ ቢራራ፣ ከሙቀቱና ከአቧራው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ የነቢያት ጾም መግቢያ በመሆኑ ክፉ ላልናገር ቃል ስለገባሁ፣ ከዚህ በታች የሚያነቡት ሁሉ ምስጋና መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እንድጽፍ ያስገደደኝ የእህቴ የመንበረ ልጅ የሄቨን ጉዳይ ነው። ሄቨን በኮሌጅዎ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን ከነገ ወዲያ ሐሙስ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ክሷ «የኮሌጁን ቆሻሻ ያለ ፈቃድ መንካት» ይላል። ኮሚቴው ካባረራት የሁለት ዓመት ትምህርቷ ውኃ በላው ማለት ነው። እናቷም ኮሎሎ ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቷ በምድጃ ፊት የቆመችው ለከንቱ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

1. ስለ ቆሻሻዎ ንጽሕና። በዚህ ከተማ እንደ እርስዎ ኮሌጅ የጸዳ ቆሻሻ የሚጥል ተቋም አላየሁም። ከኋላ በር በቆመው ትልቅ የብረት ገንዳ ውስጥ ላስቲካቸው ያልተላጠ ወንበሮችና ከካርቶናቸው ያልወጡ ቬንትሌተሮች ይጣላሉ። ጥፋታቸው የቀድሞው ለጋሽ ድርጅት አርማ ስለተለጠፈባቸው የአዲሱን ለጋሽ ዓይን ማስቀየማቸው ነው አሉ። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው፣ እንግሊዝኛ የተማርኩት እናንተ ከጣላችኋቸው የዕቃ መመሪያዎች ነው። እስከ ዛሬም ከፈረንጅ ጋር ስተዋወቅ «ከመጠቀምዎ በፊት በጥንቃቄ ያንብቡ» ማለት ይቀናኛል። ኮሌጁ ሳይመዘግበኝ ስላስተማረኝ ባለውለታዬ ነው።

2. ስለ ዳቦው። በየሴሚናሩ ማግስት ቢላዋ ያልነካው ዳቦ ከነትሪው ወደ ገንዳው ይገለበጣል፤ ከዚያም ግማሹ መሬት ላይ ይፈስና ይረገጣል። ሄቨን ደግሞ በእናቷ አስተዳደግ የተበላሸች ልጅ ናት። የወደቀ ዳቦ ካየች ሳታነሣ፣ ሳትስም፣ ከፍ ያለ ቦታ ሳታስቀምጥ ማለፍ አይሆንላትም። ባለሱቋ ጎረቤቴ ዙልፋም ብትሆን «ቢስሚላህ» ብላ ታነሣዋለች እንጂ አትረግጠውም። በእርስዎ ሰፈር ከፍ ያለ ቦታ አጥሩ ብቻ ስለሆነ፣ ሄቨን ጠዋት ወደ ክፍል ስትገባ ወፍም ይብላው፣ የራበውም ይውሰደው ብላ ዳቦውን እዚያ ላይ ትደረድር ነበር።

3. ስለ ጸጥታ አማካሪዎ ትጋት። ከባሕር ማዶ ያስመጧቸው አማካሪ በአጥሩ ላይ የተሰለፈውን ዳቦ ለሦስት ሳምንት ፎቶ አንሥተው «ለውጭ ኃይል የሚተላለፍ ምልክት» የሚል የአሥራ አንድ ገጽ ሪፖርት መጻፋቸውን ሰምቼ ኮርቻለሁ። ሰኞ አራት፣ ማክሰኞ ሰባት፣ ረቡዕ ሁለት ተኩል እያሉ ቆጥረዋል። በተለይ ያቺ የረቡዕ ግማሽ ብዙ እንዳስጨነቀቻቸው ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ምስጢሩን ለመግለጥ ያህል፣ ግማሿን የበላሁት እኔ ነኝ። ሻይ ይዤ ነበር። በሪፖርቱ መሠረት ለገንዳው ሁለት ዘበኞችና አንድ ትልቅ ቁልፍ ተመድቦለታል። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ዘበኛም ቁልፍም የለውም፤ እዚያ የሚሰረቅ ነገር አለመኖሩን ማን እንደ እርስዎ ያውቃል?

ያለፈው ዓርብ ጠዋት ሄቨን የተያዘችው በዚሁ ጥብቅ ጥበቃ ነው። ገንዳው ገና ሳይቆለፍ ራሷን ወደ ገንዳው ዘቅዝቃ፣ እግሯ ሰማይ ሰማይ እያየ ሳለ ዘበኛው ላዶ «ያ ቢኔያ፣ ኸላስ! አንቺ ልጅ፣ በቃ ውጪ!» ብሎ ሲጮህባት፣ ከውስጥ «አንዴ ታገሠኝ ላዶ፣ አንዲት ቀርታለች!» ብላ መመለሷን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰላይ የላከ የውጭ ኃይል ካለ እግዚአብሔር ይርዳው።

4. ስለ እርስዎ ትሕትና። ይህኛው ምስጋና ይከብደኛል። ሄቨንን ቢሮዎ ባቀረቧት ጊዜ አማካሪው ወደ እርስዎ ዞረው «ዳቦን አጥር ላይ ማድረግ በአገራችሁ ትርጉም አለው?» ብለው ጠይቀው ነበር። እርስዎም ጉሮሮዎን ጠርገው «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አሉ። ልጅቷ ማታ ለእናቷ ስትነግራት ያለቀሰችው በክሱ አይደለም፤ በዚህች መልስ ነው። ዶክተር ሆይ፣ የተማረ ሰው የማያውቀውን አላውቅም ማለቱ ያስመሰግነዋል፤ እርስዎ ግን የሚያውቁትን አላውቅም በማለት ከሁላችንም በለጡ። እርስዎ ዳቦ ሲጥሉ እናትዎ ምን ይሉዎት እንደነበር ልገምት አልደፍርም፤ እጃቸው ግን ቀላል እንዳልነበር እገምታለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። ሐሙስ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ያንን ጉሮሮዎን እንደገና ይጥረጉና ዳቦ ለምን እንደሚሳም ለአማካሪው ያስረዷቸው። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ስላይድም አያስፈልገውም። ደንቡ የግድ የሚባረር ሰው ከፈለገ ደግሞ እኔ አለሁ። ቅዳሜ ላዶ ቁልፉን ዘንግቶት ስለነበር በሃምሳ ስምንት ዓመቴ እዚያው ገንዳ ውስጥ ገብቼ አምስት ዳቦ አንሥቻለሁ። ተማሪዎ አለመሆኔ ችግር ከሆነ ረቡዕ ይመዝግቡኝና ሐሙስ ያባርሩኝ፤ የመመዝገቢያ ፎቶግራፍ አዘጋጅቻለሁ።

ቢሮዎ ይቀዝቅዝ፣ ሴሚናርዎ ይብዛ፣ ለጋሾችዎ አርማቸውን እየለዋወጡ ረጅም ዕድሜ ይኑሩ እያልኩ፣ ከአክብሮት ብዛት ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ባልኩበትም መሬት ላይ የወደቀ ነገር እንዳለ እያየሁ እሰናበታለሁ።

የእህቱ ልጅ ጠበቃ፣ የቆሻሻዎ ምሩቅ፣
ቢራራ ከፈለ

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ዳቦውን ሳነሣ ከሥሩ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት አገኘሁ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ውሳኔ ነው። እርስዎን ጨምሮ አምስታችሁም ፈርማችሁበታል፤ ቀኑ ገና ያልደረሰው የፊታችን ሐሙስ ነው። «ተማሪዋ የመከላከያ ቃሏ በትዕግሥት ከተሰማ በኋላ እንድትባረር ተወስኗል» ይላል። ሻይ ያልነካው ሌላ ቅጂ እንዳዘጋጃችሁ አልጠራጠርም። የእኔን ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ፣ ከዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጎን ከኮሎሎ እስከ ኒምራ ታላታ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሁሉ ለጥፌዋለሁ። ሐሙስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት እኔና እናቷ ካነበቡት ሰዎች ጋር ሆነን እንመጣለን፤ ቃሏ በትዕግሥት ሲሰማ ለማየት።